ሽማግሌ ያዋስሽን ዕለት

ውድ ሲፈን፣

አካም ጂርታ እህቴ? ኦሮምኛዬ ዛሬም ያው አንቺ የምትስቂበት ነው። ከሰበታ ወጥተን ሆሳዕና ከገባን ዓመታት አለፉ፤ ሳላመሰግንሽ መለየታችን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ2008 ታኅሣሥ፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የጋለ ጊዜ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ይውል ነበር። ክፍል ውስጥም አብረን ያደግን ልጆች በጎሪጥ መተያየት ጀምረናል። የእናንተ እርሻ የነበረው ቦታ ላይ ፋብሪካ ቆሟል፤ አባቴ ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ወንድምሽ ኦብሳ ወንድሜን ሉቃስን «አባትህ እንጀራ የሚበላው በእኛ መሬት ነው» አለው። ተገፋፉ። ሉቃስ ድንጋይ አነሳ፤ የኦብሳ ግንባር ተፈነከተ። አንቺ ሮጠሽ በሹራብሽ ደሙን ስታፍኚ እኔ ዳር ቆሜ አይሽ ነበር።

አባቴ በማግስቱ ብርቱካን ገዝቶ ብቻውን እናንተ ቤት ሄደ። አባትሽ ኦቦ ሚደቅሳ በሩን ከፍተው አዩትና መልሰው ዘጉበት። ብርቱካኑን እንደያዘ ተመለሰ።

«ደም ነው የሚፈልጉት» አላት እናቴን። ዕቃ ማሰር ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ ሉቃስን አባርራለሁ ብለዋል፤ የአጎቶችሽ ልጆችም መንገድ ላይ እየጠበቁት ነው ይባላል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በራችን ተንኳኳ። አንቺ ነበርሽ። የለበስሽው ያ ሹራብ ታጥቦ ገና አልደረቀም።

«ጋሼ ሀሰኖ፣ ለምን ብቻዎን እኛ ቤት መጡ?» አልሽው አባቴን።

«ከማን ጋር ልምጣ? ያጠፋው ልጄ ነው፤ እኔው ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እኛ ዘንድ ደም ያፈሰሰ ቤት ራሱ በር አያንኳኳም። ሽማግሌ ይልካል። አባቴ የናቁት መሰለው።»

አባቴ ራሱን ያዘ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ማን አለኝ? የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም እንደ እኔው መጤ ናቸው።»

«አባቴ ይቅር ማለት ጠልቶ አይደለም። የሚለምነው ነው ያጣው። ሽማግሌ እኔ እፈልግላችኋለሁ» ብለሽ ወጣሽ።

እሑድ ከጸሎት ስንመለስ ሽማግሌዎቹ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር ይዘው ደጃችን ቆመዋል። ከፊት ያሉት የእናትሽ ወንድም ኦቦ ረጋሳ ናቸው! ተከትለናቸው እናንተ ደጅ ደረስን። አንቺ ወደ ቤትሽ አልገባሽም። ከአባቴ ጎን ቆመሽ ታስተረጉሚለት ጀመርሽ።

«ለማን ነው የቆማችሁት?» አሉ አባትሽ።

«ለእነ ሀሰኖ። ዛሬ የእነሱ ወገን ነን» አሉ አጎትሽ።

«ሂዱ። አልሰማም።»

አባቴ ሊመለስ ሲል ኮቱን ያዝሽው። «ይቁሙ ጋሼ፤ እምቢ ሲል ገና መጀመሩ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ደግመው ለመኑ። ያኔ አባትሽ ድምፃቸው ተሰበረ። «መሬቴ ሲሄድ ማንም ይቅርታ አላለኝም። አሁን ደግሞ የልጄ ደም!» አንዲት ቃል ሳታለሰልሺ ተረጎምሽው። አባቴ ወደ መሬት አቀረቀረ። «ሥራ ሳገኝ ደስ አለኝ እንጂ ቦታው የማን እንደነበር አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። ይህን ወደ ኦሮምኛ ስትመልሺ እንባሽ ይወርድ ነበር።

አባትሽ ግንባሩ በፋሻ የታሰረውን ኦብሳንና ሉቃስን ጠርተው አጨባበጧቸው፤ ሳሩን ከአጎትሽ እጅ ተቀበሉ። «ዲፋማ ጎኔራ» አሉ፤ ይቅር ብለናል። ይህን መተርጎም አላስፈለገሽም።

ወዲያው ወደ አንቺ ዞሩ። «እነዚህን ሽማግሌዎች የላካቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሽ ቀና ብለሽ።

ይቆጡሻል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ እየሳቁም ዓይናቸውን ጠረጉ። «ከገዛ ቤቴ ሽማግሌ አውጥተሽ እኔኑ እንዲለምኑ አደረግሽ!»

ሰኞ ትምህርት ቤት የሄዱትም እሳቸው ናቸው። ርዕሰ መምህሩን «እኛ ታርቀናል፤ አንተ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው ልጁን የምታባርረው?» ብለው ሉቃስን ክፍሉ አስገቡት።

ሲፈን፣ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር። የተፈነከተው ወንድምሽ፣ የተወሰደው መሬታችሁ። ያን ሁሉ ይዘሽ ወደ እኛ በር ያመጣሽ ልብ ምን ዓይነት እንደሆነ እስከ ዛሬ አስቤ አልደረስኩበትም። ሰው እንዲህም መሆን ይችላል ለካ ብዬ የተገረምኩት በአንቺ ነው፤ መገረሜም አላበቃም።

አባቴ አርጅቷል። ማዕድ ሲቀርብ ዛሬም የኦቦ ሚደቅሳን ቤት ሳይባርክ አሜን አይልም፤ እኛም ወጡ እየቀዘቀዘ እንጠብቀዋለን።

ዕድሜ ልኳን የምታደንቅሽ፣
ኤዶም ሀሰኖ