የሰውን በሽታ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት አቶ ቹ ባኦሊን

አቶ ቹ ባኦሊን ከአባታቸው ከአቶ ቹ ዴሻንና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጂያ ላንፋንግ በዌይፋንግ ከተማ፣ በባይላንግ ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. በ1944 ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በሞተር ፋብሪካ ውስጥ በቶርኖ ሠራተኛነት እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። በ1969 ከወ/ሮ ሉዋን ሲዩዪን ጋር ትዳር መሥርተው ዪንሺያ የተባለች ልጅ አፈሩ።

እስከዚህ ድረስ ሕይወታቸው እንደ ማንኛውም ሰው ነበር። ቀሪውን እኔ የእህታቸው ልጅ የጻፍኩት አፍንጫዬን ይዤ ነው።

በአገራችን የታመመ ሰው በሽታውን ካይት በሚባል፣ በቢራቢሮ፣ በወፍ ወይም በዓሣ ቅርጽ ተሠርቶ በክር በሚበር ወረቀት ላይ ጽፎ ያበርራል፤ ከፍ ሲል ክሩን ይቆርጣል፣ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። የወደቀ ካይት አይነሣም፤ ያነሣ ሰው በሽታውን ይወርሳል። ከሕፃን በቀር ይህን የማያውቅ የለም።

በ1981 ጸደይ፣ የዘመድ መቃብር በሚጠረግበት በዓል ሰሞን፣ አቶ ባኦሊን ከሥራ ሲመለሱ የጎረቤት ሕፃን የወደቀ ካይት ሲያኝክ አገኙ። ነጥቀው ቤታቸው ይዘው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በየጸደዩ ከቱቦው፣ ከቆሻሻው ክምር፣ ከአሳማው ጋጥ እየለቀሙ ቤቱን ሞሉት። ጭቃ የደረቀበት ቢራቢሮ፣ ኩስ የለበሰ ንስር፣ የሻገተ ዓሣ! ጽሑፉ ደግሞ ይባስ፤ «ኪንታሮት»፣ «የማይቆም ተቅማጥ»፣ «መግል የያዘ ጆሮ»። ወ/ሮ ሲዩዪን ሾርባቸውን የሚጠጡት ከዚህ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ኤጭ! አንተ ሰውዬ፣ የሰው ተቅማጥ ራስጌህ ሰቅለህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?» ይሏቸው ነበር።

«ታዲያ ማን ላይ ይውደቅ? ልጅ ያኝከው?» ይመልሳሉ።

እንግዳ እግሩን አሳጠረ። ጎረቤት በደጃቸው ሲያልፍ አፍንጫውን መያዝ ጀመረ። የሚያስጠላው ይኸው ነው፤ ካይቶቹ የማን ሆኑና? ጆሮው ሲመግል ወደ ሰማይ የለቀቀው ያው ጎረቤት አይደል? የት እንደሚወድቅ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። እትፍ!

አቶ ባኦሊን በ2018 ጉበታቸውን ታመሙ። ጎረቤት «አላልንም?» አለ። ወ/ሮ ሲዩዪን ሳይነግሯቸው «የባኦሊን ጉበት» ብለው ካይት ላይ ጽፈው ወንዙ ዳር ለቀቁት። ቤት ሲገቡ ባላቸው በሚስታቸው ጣት ላይ ያለውን የጽሕፈት ቀለም አዩ።

«ሲዩዪን፣ የት ወደቀ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሄደ፣ በቃ ሄደ!»

ሰውዬው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መድኃኒትም ምግብም እምቢ አሉ። በማግስቱ፣ ዕድሜ ልካቸውን የካይት ጭራ ነክተው የማያውቁት ሴትዮ፣ በጓንት ላይ ጓንት ደርበው፣ ባላቸውን እየረገሙ በየቱቦው ፈለጉ። ካይቱን የበሰበሰ ጎመን ክምር ላይ አገኙት። አምጥተው ከባላቸው አልጋ በላይ ሰቀሉና ደጅ ወጥተው አስመለሳቸው። አቶ ባኦሊንም ሾርባቸውን ጠጡ።

በተደረገላቸው ሕክምና ሊድኑ ባለመቻላቸው ማርች 28 ቀን 2019 በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እንደ ደንባችን የሟች ዕቃ ይቃጠላል። ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ ክብሪት ይዞ ለካይቶቹ ቸኩሏል። ወ/ሮ ሲዩዪን ግን በር ላይ ቆመው አንዱንም አላስነኩም።

«ጭሱ ማን ቤት ሊገባ ነው?» አሉ።

አቶ ባኦሊን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ዪንሺያን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ያንን የሻገተ ግድግዳ ትተው ሄደዋል። አፈሩ ይቅለላቸው፤ ነፍሳቸውም «የት ወደቅሽ?» ብሎ የሚያነሣት አትጣ።