ያላነሳሁት ኮቴ

ሐምሌ 9

ዛሬ አዘና ከተማ አጠገብ ወደሚኖሩት ገበሬ ወደ ጋሽ ታከለ ተመልሼ ሄድኩ። ባለፈው ሳምንት በሬያቸው ሲያነክስ ጠርተውኝ፣ እኔ ሐኪም ተብዬው ጭቃውን ተጸይፌ ኮቴውን ሳላነሳ «ትከሻው ነው» ብዬ መርፌ ወግቼ ሄጄ ነበር። እሳቸውም አምነውኝ ትከሻውን በጋለ ብረት አስተኮሱት። ቁስሉ ዛሬም አልደረቀም።

ዛሬ እግሩን በገመድ አስነስቼ ጭቃውን አጠብኩ። በሁለቱ ጥፍሮቹ መካከል ስጫነው ተራገጠ። ውስጥ የተሰበረ እሾህ መግል ይዞ ተቀምጧል። ነቀልኩት።

ጋሽ ታከለ እሾሁን በመዳፋቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። «ጥፋቱ የኔ ነው ዶክተር፤ ምን አጣድፎኝ አስተኮስኩት!» አሉ።

«ኧረ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው።

የማን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። መርቀው ሸኙኝ።