የእናትሽ ስስ ብርጭቆዎች

እሑድ ረፋድ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለውዷ ልጄ ለድምቡሼ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ ደህና ነው? እኔ ደረጃ ስወጣ ከሚያጉረመርም ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን እኔና አንቺ ስልክ ላይ "እሺ፣ እሺ" ተባብለን ነው የምንዘጋው። ይሄ ደግሞ በእሺ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

የባልሽ እናት ለሥራ ወደ ከተማችን እንደሚመጡና ቤቴ ጎራ እንደሚሉ የነገርሽኝ ዕለት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ክው ነው ያልኩት። በሠርግሽ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። እሳቸው የተማሩ፣ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩ። ምን ብዬ ላጫውታቸው? "አባዬ አትጨነቅ፣ በውሃ ኩባያም ቢሆን ይጠጣሉ" አልሽኝ። የእኔ ዓይን ግን ቡፌው ላይ ተተክሎ ቀረ።

በመጀመሪያ ደመወዝሽ ለእናትሽ የላክሽላት የወይን ብርጭቆዎች እዚያው እንዳሉ ናቸው። እሷ ካረፈች ወዲህ የነካቸው የለም። በሕይወት ሳለችማ ወደ ማጠቢያው ጠጋ ስል፣ "አንተ ዶማ፣ ራቅ በል! ያንተ እጅ ለአለት ነው የተሠራው" ትለኝ ነበር። እኔም በሩን ተደግፌ ስታጥባቸው አያታለሁ። ዓይኔ ሰርቆ ተምሯል፤ እጄ ግን ሞክሮት አያውቅም።

ሳወጣቸው ደብዝዘዋል። አቧራው እንኳ ምንም አይደል፣ የውሃችን ኖራ ውስጣቸው ድረስ ነጭ ጉም ሠርቶባቸዋል። ልመልሳቸው ምንም አልቀረኝም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አየችኝና፣

"ምነው፣ ሕፃን እንዳሳቀፉት ወንደላጤ ተገትረህ የቀረኸው?" አለች።

"ላጥባቸው ነበር።"

"በል መጀመሪያ ቀለበትህን አውልቅ። ይጭራቸዋል።"

ያ ቀለበት እናትሽ ካጠለቀችልኝ ቀን ጀምሮ ወልቆ አያውቅም። አንጓዬ አላሳልፍ አለው። በሳሙና አሟልጬ አወጣሁትና መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት። ጣቴ ላይ ነጭ ክብ ቀረ፤ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ቆዳ። ልብስ ሰፊዋ ያን አይታ እንደ ልማዷ አልቀለደችም። ሮጥ ብላ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ የጥጥ አንሶላ ቁራጭ አምጥታ ሰጠችኝ። "ፎጣ እንዳትነካ፣ ፀጉሩን ይጥልባቸዋል" ብላኝ ሄደች።

እናትሽ ስታደርግ እንዳየሁት የማጠቢያውን ወለል በጨርቅ ደለደልኩ። ጉሙን ለብ ባለ ውሃና በኮምጣጤ ዘፍዝፌ አስለቀቅሁት። ከዚያ ሳሙና ጠብ አድርጌ አንድ በአንድ ገባሁበት። በእግሩ አይደለም የሚያዘው፤ ሆዱን በመዳፍ ደገፍ አድርጎ ነው። ስታደርቂም እግሩን ይዘሽ አፉን ካዞርሽ አንገቱን ትቀነጥሺዋለሽ። ለነገሩ ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የእናትሽ ልጅ ነሽ።

የማታውቂው እኔ ያየሁትን ነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ሳሙናው ውሃ ውስጥ ጠፋብኝ። እጄ ይዞታል፣ ዓይኔ ግን አያየውም! አለቅልቄ ወደ መስኮቱ ሳነሳው ባዶ እጄን የዘረጋሁ መሰለኝ። ይሄ ከአሸዋ ነው የሚሠራው ይላሉ። ልጄ፣ እኔ አሸዋ ውስጥ ነው የኖርኩት። ከጫማዬም፣ ከጥርሴም፣ ከአልጋዬም አራግፌዋለሁ፣ ረግሜዋለሁም። እንዲህም መሆን እንደሚችል የነገረኝ ሰው የለም። ድንጋይን ጤነኛ መሆኑን በድምፁ ነው የምለየው፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ሲመቱት ይደነዝዛል። ብርጭቆውንም በጥፍሬ ነካ አደረግሁት። ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ፣ ያም ድምፅ ለማለቅ ዘገየ። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩት። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ይሆናል? ሆንኩ።

የባልሽ እናት ትናንት ከሰዓት መጡ። አንድ ጠርሙስ ወይን ይዘው ነበር። በእናትሽ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። ስለ መንገዱ አወራን፣ ስለ አየሩ አወራን፣ ከዚያ ወሬው አለቀ። ይሄኔ እሳቸው ብርጭቆዎቹን አንስተው ወደ ማጠቢያው ሄዱ።

"ኧረ በሞቴ! እንግዳ አያጥብም" አልኳቸው።

"እንግዳ ከሆንኩማ ልሂድልዎ" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እሳቸው ያጥባሉ፣ እኔ አደርቃለሁ። እጄን ልብ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ "እንዲህ መያዝ ማን አስተማረዎት?" አሉኝ።

"ሚስቴ። ማስተማሯን ሳታውቅ።"

ፈገግ አሉ። "እንዲህ የሚይዙ ከሆነማ የሰኔው ነገር አያሳስበኝም" አሉና፣ ወዲያው አረፋ ባለው እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

"ሰኔ ምን አለ?"

"ወይ ጉዴ! አስምላኝ ነበር እኮ። ባለፈው ዓመት ጽንሱ ከወረደባት በኋላ፣ 'አባዬ ሁለተኛ እንዳይሰበርብኝ፣ እስኪጠና አይንገሩት' ብላኝ ነበር።"

ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። እጄ ግን አልከዳኝም፤ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ነበርኩ። እሳቸው ቧንቧውን ዘጉት። ድማሚት ሲፈነዳ ጆሮዬን ሳልይዝ የኖርኩትን ሰው፣ የዚያ ኩሽና ጸጥታ አደነቆረኝ። ለካ አንቺ እዚያ ማዶ ሆነሽ እኔን ስትጠብቂ ነው የከረምሽው! እኔ ጠባቂሽ ነኝ እያልኩ ስኮራ፣ አንቺ ለብቻሽ ፈርተሽ፣ ለብቻሽ ተስፋ አድርገሽ። እንባዬን በልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ጠረግሁት፤ እውነትም ፀጉር አይጥልም።

እሳቸውን እንዳትቆጪብኝ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሲመሽ ነው የሄዱት፣ ስንሥቅ ነው ያመሸነው። እኔም ምንም አልሰማሁም። አንቺ ስትነግሪኝ እንደ አዲስ እደነግጣለሁ። ማስመሰልም አያሻኝም፤ የትናንቱ ገና አልለቀቀኝም።

እንዲያው በደፈናው ግን፣ ለማንኛዋም ሴት ልጅ እንደምለው ልበልሽ፦ ከባድ ነገር አታንሺ። ወንበር ላይ ቆመሽ መጋረጃ አትስቀይ፣ ባልሽ ረጅም ነው። ምግብ አልረጋ ካለሽ ትንሽ ትንሽ ቅመሺ። ፍርሃት ሲመጣብሽ ደግሞ ደውይልኝ። "እሺ፣ እሺ" ብቻ ብንባባልም ደውይ፤ እኔ መስመሩ ላይ እቀመጣለሁ።

እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ። እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልሽ። የያዝሽውን ያጽናልሽ።

አባትሽ

ከፊርማዬ ጎን ሌላ ቃል ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ለማንበብ አትታገዪ፤ ጊዜው ሲደርስ በዚያ ስም አንቺው ትጠሪኛለሽ።