ያልታረመው ዝርዝር

የካቲት 3፣ ሰኞ

ጠዋት ውሃ መጣ። በርሜሉን ሞላሁ። ከሰዓት ሾላ ወርጄ በርበሬ ገዛሁ። ጡረታ ማለት ይሄው ነው... የሚስት ተላላኪ መሆን።

እራት ላይ አምለሰት አዲስ ወሬ አመጣች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው ተብለዋል። ትምህርት ቤታቸው ያለው ደግሞ ለአምስት ተማሪ አንድ ነው። ማውሱን ቀድሞ የያዘ አይለቅም። "አባዬ፣ እኔ እኮ በሁለት ጣት ነው የምጽፈው" አለች። እስከ ዛሬ ለምን አልነገረችኝም? ሠላሳ ስምንት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ የገዛ ልጄ በማውስ ልትወድቅ ነው?

"እኔ ኮምፒውተር እሠራልሻለሁ፣ በእጄ" አልኳት። ሚስቴ ሙሉጌጥ ሳቀች። ላፕቶፕ ግዛላት አለች። ላፕቶፕ ሲበላሽ ይጣላል፣ ዴስክቶፕ ተፈትቶ ይጠገናል። የስንቱን ጎረቤት ሬዲዮ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ምን ያስቃል?

የካቲት 9፣ እሑድ

ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ላይ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ዓይኔ ጠፋ። ዝርዝሩ ግን አለቀ። ስምንት ዕቃ። ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝ፣ ስክሪን፣ ኪቦርድ ከነማውሱ። ርዕሱን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ቀይ እስክሪብቶ አሁንም ከኪሴ አይጠፋም... ልማድ።

ሁሉም የሚሰካበት ቦርድ ያገለገለ ይሁን ብያለሁ። የድሮ ዕቃ ይጠነክራል። ራሙ፣ ማስታወሻው፣ ግን አዲስ፣ ፈጣኑ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

መገናኛ ዋልኩ። ተቃጥዬ ተመለስኩ።

አንዱ ሱቅ ገና ሳልናገር "ፋዘር፣ የተዘጋጀውን ይውሰዱ፣ አይድከሙ" አለኝ። ማን ደከመኝ አለ? ሌላው አምስት ቀለም የሚያበራ ኬዝ፣ ባዶ ሳጥን፣ አወጣ። መብራቱ ምን ይሠራል? ፈተናውን ያበራላታል? "ልጆች ይወዱታል" አለኝ። ሦስተኛው ዝርዝሬን ሳያነብ አጥፎ መለሰልኝ። የኔን ጽሑፍ! ስንት ተማሪ ሲንቀጠቀጥ ያነበበውን ጽሑፍ።

ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ ብቻ ገዛሁ። አራት አስወጥቼ በእጄ መዘንኳቸው። ቀላል ፓወር ሰፕላይ ሌባ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከባዱን መረጥኩ። ሻጩ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ምን ይበል? አዋቂ ገጠመው።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጎን፣ የድሮ ተማሪዬ ሊሊሳ ኮምፒውተር ቤት አለው። እዚያ ሄድኩ። እንዳየኝ ብድግ አለ። "ቲቸር ጸሐዬ" ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሚስቱ ሲፋን ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ዝርዝሩን ሰጠሁት። አነበበው... ደግሞ አነበበው። ጭንቅላቱን አከከ።

"ቲቸር፣ ይሄ ራም... አዲሱ ነው።"

"አዲሱ መሆኑን አውቃለሁ።"

"ቦርዱ ደግሞ ትንሽ ቆየት ያለ ነው..."

"የቆየ ይጠነክራል" አልኩት።

"እሺ ቲቸር።"

ሁሉንም በሥርዓት ጠቅልሎ ታክሲ ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ። ጨዋ ልጅ። አንዴም አልተከራከረኝም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛውን ይዤ ስገጥም ነበር። አምለሰት መብራት ትይዝልኛለች። ፕሮሰሰሩ ገባ። ራሙ ግን አልገባም አለ። ገልብጬ ሞከርኩ። አልገባም። የራሙ ጥርስ መሐል ያለችው ክፍተትና የቦርዱ ማስገቢያ አይገናኙም። አምለሰት "አባዬ፣ የሱ አይመስልም" አለች። "ያዥ ብቻ" አልኳት።

በአውራ ጣቴ ጫንኩት።

ቀጭ አለ። ማስገቢያው ተሰነጠቀ።

ልጅቱ መብራቱን አጥፍታ ወጣች። በኔ ላይ የዚህን ያህል ይቀለዳል? የማይገጥም ዕቃ ጠቅልሎ ይሰጠኛል? ለአስተማሪው?

የካቲት 16፣ እሑድ

ሙሉጌጥ ላፕቶፕ የሚል ቃል አላወጣችም። ይሄ ከመናገር ይብሳል።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ቦርዱን በፌስታል ይዤ ሱቁ በር ላይ ደረስኩ። ሰው ነበረ። አላፈርኩም፣ ጮህኩ።

"ይሄ ከዚህ ጋር እንደማይገጥም ታውቅ ነበር?"

ሊሊሳ አንገቱን ደፋ። "አውቅ ነበር ቲቸር።"

"እያወቅክ? ለምን አልነገርከኝም?"

"ቲቸር... እንዴት ብዬ? ልደውል ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ይመልሱታል፣ እቀይርልዎታለሁ ብዬ ነው። በጣት ይጫኑታል ብዬ አላሰብኩም።"

ያን ጊዜ ሲፋን ገባችበት። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ቀን ሲመለስ 'አይገጥምም' አለኝ። ታዲያ ሩጥና ንገራቸው አልኩት። 'እሳቸውን አንዴ አርሜ አባቴን አስጠርተውብኛል፣ ሁለተኛ አላርምም' አለኝ።"

"ሲፋን፣ ተዪ" አላት።

ከሱቁ ወጣሁ። ፌስታሉን እዚያው ረስቼ። መቼ ነው አባቱን ያስጠራሁት? የስንቱን አባት ላስታውስ?

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

አላስታውስም። ያስጠራሁም ከሆነ ምክንያት ይኖረኛል። ስድሳ አምስት ልጅ ታጭቆ በሚማርበት ክፍል ሥርዓት ካልተያዘ ምን ይኮናል? ሲፋን የምትባለው ሴት ደግሞ አፏ አያርፍም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

አስታውሳለሁ። ትናንትም አስታውስ ነበር።

1995። አሥረኛ ክፍል ቢ። ሁለት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን፣ በትይዩ፣ ሲያያዙ ጠቅላላው ይጨምራል ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ደክሞኝ ነበር... አይደለም፣ አልደከመኝም። ችኮላ ነው። ከኋላ አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።" ክፍሉ ሳቀ። ያቃጠለኝ ሳቁ ነው። "ውጣ፣ አባትህን ሳታመጣ እንዳትገባ" አልኩት።

አባትየው በማግስቱ መጣ። የአጨዳ ወቅት ነበር፣ ከእንጦጦ ኮረብታ ማሳውን ትቶ ነው የመጣው። ኮፍያውን አውልቆ ቢሮው በር ላይ ቆመ። "ልጅህ ባለጌ ነው" አልኩት። አንተ ብዬ። በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። "ልጅ ነው፣ ይቅር ይበሉት" አለ።

ይቺን ደግሞ ለማንም ነግሬ አላውቅም። መጽሐፉን በዋዜማው ከፍቼ አይቼ ነበር። አባትየው በሩ ላይ ሲቆም ልጁ ልክ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሰኞ ሊሊሳ ላይ "እያወቅክ?" ብዬ ጮህኩ። በምን አፌ?

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እስኪወጡ ልጠብቅ አልኩና... አይሆንም። ያኔ የተሳቀው በሰው ፊት ነው፣ ልጁም የተባረረው በሰው ፊት ነው።

"ሊሊሳ፣ በ95 ልክ አንተ ነበርክ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አባትህ ሲመጣ ደግሞ አውቄው ነበር።"

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። "ረስቼዋለሁ ቲቸር።"

"አልረሳህም።"

ዓይኑ ቀላ። እኔም ዝርዝሩን አወጣሁ። ቀዩን እስክሪብቶም። "እረም" አልኩት። አልያዝም አለ። ሲፋን ተቀብላ እጁ ላይ አደረገችለት። ራሙን ሰረዘና ለቦርዱ የሚሆነውን ጻፈ። ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን ያምጡ አለኝ። ከቦርዱ ጋር ይሞክረው ብዬ በሻንጣ ይዤው ነበር። አራት ብሎን ፈታ። ውስጡ አንድ ቁራጭ ብረት በሽቦ ታስሯል። ለክብደት። የመገናኛው ሰውዬ ዝም ብሎ ያየኝ ለካ ስመዝን እየሳቀብኝ ነው። ደሜ ፈላ። ነገ ሄጄ ልለው ያሰብኩት ንግግር ሁለት ገጽ ይወጣዋል።

"ከስምንት ስንት አገኘሁ?" አልኩት።

"ስድስት" አለ፣ ሳቁን እየደበቀ።

የተሰነጠቀውን ቦርድ በነፃ ልቀይር አለኝ። እምቢ አልኩ፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ጨምሬ ከፍዬ ወሰድኩ። የሰነጠቀው የኔ ጣት ነው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

የሊሊሳን አባት ኦቦ ጎበናን ልጠይቅ ወጣሁ። ከየካ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ። ማሳው የለም፣ ሁሉም ግንብ አጥር ሆኗል። የቀራቸው ከቤታቸው ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍና አንዲት ላም ነው። በከዘራ ቆመው ተቀበሉኝ። የመጣሁበትን ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ። እርስዎ ብዬ።

"ያኔም አውቄያለሁ" አሉ። "ሊሊሳ ነግሮኛል፣ ልጄ ደግሞ አይዋሽም። እርስዎም ሲናገሩ ዓይኔን አላዩኝም።"

"ታዲያ ለምን ይቅርታ ጠየቁኝ?"

"አስተማሪ በልጅ ፊት ከተዋረደ ማን ያስተምርልናል? ብዬ ነዋ።"

እርጎ ቀረበልኝ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ጠየቅኳቸው፣ ያን ቀን ልጁን መንገድ ላይ ምን አሉት?

"ከእንግዲህ ብታውቅም ዝም በል አልኩት። እሱም ሰማኝ። ታዛዥ ልጅ ነው።"

ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ታክሲ አላሰኘኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ሰማቸው። ክፍል ውስጥ ከዚያ በኋላ እጁን ሲያወጣ አይቼ ነበር? አላየሁም። እንዳላየሁም አላስተዋልኩም። ሊሊሳስ እሺ፣ አወቅኩት። በሠላሳ ስምንት ዓመት ስንቱ ነው እያወቀ ዝም ያለኝ? እኔም ዝምታውን አክብሮት ብዬ ተደስቼ ኖርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ በራሴ የተናደድኩበት ቀን የለም።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሁሉም ገጠመ። ራሙ ጣቴን እንኳ አልፈለገም፣ ቀጭ ብሎ በፍቅር ገባ። ልከፍተው ስል አምለሰት እጄን ያዘችኝ።

"አባዬ፣ የኬዙን ማራገቢያ ገልብጠኸዋል። ጎኑ ላይ ያለውን ቀስት እየው።"

የለመድኩት መልስ አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። መነጽሬን አድርጌ ቀስቱን አየሁ።

"ልክ ነሽ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ያመመኝ መሰላት። ማራገቢያውን ራሷ ፈትታ አዞረችው። አበራነው። ስክሪኑ ሲበራ በሁለት ጣት ስሟን ጻፈች፣ አንድ ፊደል ሳተች፣ ራሷ አረመችው። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሴ አውጥቼ ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥኩላት። እንዲህ ስሳሳት ንገሪኝ አልኳት።

ሙሉጌጥ ከማድቤት ሰማች። እጇን እየጠረገች መጣች። "እሱን መጀመሪያ ለኔ ስጠኝ" አለች፣ "የሠላሳ ዓመት እርማት አለብኝ።"

ተናደድኩ። ሰጠኋት።