በማኅተም ስር ስለ ቀረው ሳንባ

ለክቡር አቶ ማንያህልሻል
በቶንፒንግ የሰባት ዘንባባ ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጁባ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ፣ በተለይም ማኅተምዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ በኮር ዊሊያም ሰፈር ደህና ነኝ። ስለ ባለቤቴ ስለ ወይዘሮ በዛብሽ ጤና ግን እርስዎም ስላልጠየቁ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ይህንን ደብዳቤ በጁባ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰባችን ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በጸሐፊዎ በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እስካሁን ከበርዎ ወደ ጠረጴዛዎ በመጓዝ ላይ ስለሆኑ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሆስፒታልዎ የባለቤቴን ደረት በሲቲ ስካን አነሣ፤ በግራ በኩል መኖር የሌለበት አየር ታየ። አየሩ ከተቀደደ ሳንባ ያመለጠ ከሆነ አውሮፕላን መሳፈር ሊገድላት ይችላል፤ የቆየ የአየር ከረጢት ከሆነ ግን አዲስ አበባ በርራ መታከም ትችል ይሆናል። ይህንን የሚለዩት ሐኪምዎ ናይሮቢ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አዲስ አበባ ያለችው የተማሪነት ጓደኛዬ ዶክተር ዕፀገነት ምስሉን ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያለ ክፍያ ልታይልን ፈቀደች። የቀረው ምስሉን መላክ ብቻ ነበር። አቤቱታዬ በሙሉ ከዚህ «ብቻ» ይጀምራል።

አንደኛ፤ ምስሉን በፍላሽ እንድትሰጡኝ ስጠይቅ ፍላሽ ቫይረስ ስለሚያመጣ ክልክል እንደሆነ ተነገረኝ። ከነማሸጊያው አዲስ ገዝቼ ባመጣም ክልክልነቱ ጸና። ይህ ጥንቃቄዎ እጅግ አስደስቶኛል፤ በተለይ መግቢያው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ዘፈን የሚያጫውተው ከምን ላይ እንደሆነ ዞር ብዬ ካየሁ በኋላ። በኢንተርኔት ላኩልኝ ስልም ነጅዋ የምትባለው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዎ «ቡክራ»፣ ነገ ማለቷ ነው፣ አለችኝ፤ በማግስቱም «ቡክራ»፤ ነገ የሚባለው ቀን በእርስዎ ግቢ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነጋ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛ፤ በአምስተኛው ቀን «ዓለም አቀፍ የምስል ማስተላለፊያ አገልግሎት» የሚባል በአራት መቶ ዶላር እንዳለ ሰማሁና ከፈልኩ። አገልግሎቱ ትልቅ ቡናማ ፖስታ ሆኖ ተገኘ። በውስጡ የታተመ ፊልም ነበረበት፤ ዓለም አቀፍነቱ ደግሞ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ እኔው ራሴ ፈልጌ በእጅ መስደዴ ነው። የሰፈራችን ሰው ሽመክት፣ እግዜር ይስጠው፣ ፖስታውን ከሻንጣው ልብስ መሃል አድርጎ አደረሰልኝ፤ ከአራት መቶው ዶላር አንድም ሳንቲም አልደረሰውም።

ሦስተኛ፤ ከሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ይህንን ነው። ማኅተም የሌለው ሰነድ ከግቢያችሁ አይወጣም። ቀለሙ ጥቁር ፊልም ላይ ስለማይታይ ሠራተኞችዎ ነጭ ወረቀት ላይ ማኅተም መትተው፣ ወረቀቱን በማይላቀቅ ሙጫ ፊልሙ ላይ ለጠፉት። የት ላይ? ነጅዋን ስጠይቃት፣ «ባዶ ቦታ ፈልገን ነው፣ አያ» አለችኝ። ዶክተር ዕፀገነት የጻፈችልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ፦ «ሠርፀ፣ ልቧን አየሁት። ቀኝ ሳንባዋንም አየሁት። በግራ በኩል ግን የሚታየኝ ሰባት ዘንባባ ሆስፒታል ነው።»

አራተኛ፤ ሌላ ፊልም ስጠይቅ እርስዎ በፈረሙበት ባለ ሁለት መስመር ወረቀት «ታካሚዋ ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ ቢበሩ ይቀላል» ብለው መከሩኝ። ወረቀቱ በፍሬም ገብቶ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል።

ክቡር ሆይ፣ ምስሉ በመጨረሻ እንዴት ከግቢዎ እንደ ወጣ ኮሚቴ አቋቁመው እንዳይደክሙ፣ ራሱ ሰልችቶት በእግሩ ወጥቷል ብለው ይመዝግቡት። ልኩ ስድስት መቶ አርባ ሜጋባይት ነው። በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም አነስ አነስ ባሉ ክፍሎች ከፋፍዬ፣ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ካቆመበት እየቀጠልኩ፣ ከቤቴ ኮምፒውተር ወደ ቤቷ ኮምፒውተር በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ላክሁት። የፈጀው ዳታ ዋጋ ካፍቴሪያዎ ውስጥ ከሚሸጠው ሳንድዊች ያንሳል፤ ሳንድዊቹንም ቀምሼ ነው የምናገረው።

መልሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጣ፤ ሳንባዋ ተቀዷል፣ አውሮፕላን እንዳትሳፈር፣ አየሩ ዛሬውኑ በቱቦ ይውጣ። «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር ማቀዝቀዣ እንኳ በሌለው ክሊኒክ ተደረገላት። ዛሬ ባለቤቴ ያለ ማቋረጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ችላለች። ዓረፍተ ነገሩ እርስዎን የሚመለከት ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ኮሪደርዎ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ የነበረችው ኛላም፣ ጋምቤላ አድጋ አገሯ የተመለሰች እናት፣ የልጇን የጭንቅላት ስካን በቡናማ ፖስታ ታቅፋ አሁንም መንገደኛ ትፈልጋለች። በጠራ አማርኛ፣ «አያ፣ አንተ ኮምፒውተር አለህ፤ እኔ ያለኝ ማኅተም ነው» አለችኝ። እስከ ሰኞ ጠዋት የልጅቷን ምስል በፍላሽ ይስጧት፤ የሚልክላት እኔ ነኝ። ካልሰጧት ሰሌዳው ገና ሰፊ ቦታ አለው።

ለትዕግሥት አስተማሪነትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የማመሰግን፣ ከደጅዎ የማልጠፋ አገልጋይዎ፣

ሠርፀ፣ የውሃ መሐንዲስ
ኮር ዊሊያም፣ ጁባ

ማሳሰቢያ፦ ዶክተር ዕፀገነት እንዳስረዳችኝ ፊልም ላይ አየር ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሠራተኞችዎ «ባዶ ቦታ» ብለው የለጠፉበት ስፍራ ያመለጠው አየር የተጠራቀመበት ነው። ስለዚህ በሆስፒታልዎ ውስጥ የባለቤቴን በሽታ በትክክል ያገኘው ማኅተምዎ ብቻ ነውና፣ የሐኪምዎ የስብሰባ አበል ለእርሱ እንዲከፈለው በትሕትና አመለክታለሁ።