የሠናይት ስም በትምህርት ቤቱ መዝገብ

ውድ ባለቤቴ አልማዝ፣

ልጄን በአባትሽ ስም አስመዝግበሽ በድለሽኛል። ከተለየሽኝ አምስት ዓመት ሞላ፤ ሞት ሁሉን ያስረሳል የሚሉት እኔን አይመለከትም። በሕይወት ሳለሽ ያልኩሽን ዛሬም እላለሁ። የእኔ የወልዴ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ሠናይት ጉደታ ተብላ ተጠራች።

አሁን ስለ ቤታችን ልንገርሽ። የጓሮው ኮክ ደርቆ አስቆረጥኩት። ጣሪያው ታድሷል። ከአዲሱ ገበያ ወደ እኛ ሰፈር የሚያወጣው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ያ የክረምት ጭቃ የለም። አንቺ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ከፊት ትወጪ ነበር፣ እኔ አላወልቅም ብዬ እየተንሸራተትኩ ከኋላ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመሽ ትስቂብኝ ነበር። እዚያ ስደርስ ዛሬም ያን ሳቅ እጠብቃለሁ።

እኔ ሥራ ይዣለሁ፤ ደመወዝ የለውም። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ኮምፒውተር ገብቷል፣ የድሮ መዛግብትም ፎቶ ተነሥተዋል። ጥቂት ፈቃደኞች ማክሰኞና ሐሙስ እየተሰበሰብን በፎቶው ላይ የምናነበውን ስም እንተይባለን። ዘመዱን የሚፈልግ ሰው የትም ቢሆን በኢንተርኔት እንዲያገኘው ነው። መተየብ ማንም አላስተማረኝም፤ ፊደልንም ቢሆን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እንደለቀምኩ ታውቂያለሽ።

አንዱን ገጽ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተይቡታል፤ ካልተስማሙ ሦስተኛው ይዳኛል። ዳኛው እኔ ነኝ። ሕጉ አጭር ነው፦ በስም ዓምድ የተጻፈውን እንዳለ መተየብ። ይሄማ ስሕተት ነው፣ አያትየውን አባት አድርገውታል እያለ የሚያርም ሲመጣ እቆጣለሁ። ጡረታ የወጣችው ነርስ ብርቄ «ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ እኮ ሙታንንም ሰልፍ ያስይዛሉ!» ትለኛለች። ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

ባለፈው ሐሙስ ያንቺ የእጅ ጽሑፍ መጣብኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሳለሽ የሞላሽው መዝገብ ነው። ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውን ፊደልሽን ሳይ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። ሠናይት ላይ ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም። አንደኛው «ሠናይት ጉደታ» ብሏል። ብርቄ ደግሞ «ሠናይት ወልዴ» ብላለች። ስሜን ከየት አመጣችው ብዬ ፎቶውን አጎላሁት። በገጹ ጠርዝ፣ ማስታወሻ በሚጻፍበት ጠባብ ዓምድ ላይ፣ «ወላጅ አባቷ ወልዴ በየነ ለሥራ አሰብ ሄዷል፤ ሲመጣ ቀርቦ ይስተካከል» ብለሻል።

አልማዝ፣ መንገድ ተዘግቶ አሰብ ሦስት ዓመት ስቀር ደብዳቤዎቼ አልደረሱሽም። ሰፈሩ ሁሉ ሞቷል ብሎ ነበር። ትምህርት ቤቱ ቀርቦ የሚፈርም አባት ሲጠይቅ አባትሽ ፈረሙ፤ ልጅ ደግሞ በፈረመላት ሰው ስም ትጻፍ ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሰው ሞቷል ሲልሽ አንቺ «ሲመጣ» ብለሽ መጻፍሽን ግን አላውቅም ነበር።

ከተመለስኩም በኋላ ስንት ጊዜ ለመንሽኝ። አንድ ጠዋት አብረን እንሂድ፣ ያስተካክሉታል ስትዪኝ፣ የገዛ ልጄን ስም ማንንም አልለምንም እልሽ ነበር። በየዓመቱ የሠናይትን ሰርተፍኬት አልፈርምም ብዬ ስወረውር አንቺ ከወለሉ አንስተሽ ትፈርሚያለሽ። መዝገቡ ከቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር።

የሐሙሱን ፍርድ ልንገርሽ። የኮምፒውተሩን ቀስት «ሠናይት ወልዴ» ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ብርቄ ከጀርባዬ መጥታ «ይጫኑት እንጂ ጋሼ! ልጅዎ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። አንድ ጊዜ ብጫነው አርባ ዓመት የተሟገትኩበት ስም በእጄ ነበር። በዓምዱ የተጻፈው ግን ጉደታ ነው። እሱን መረጥኩ። ማስታወሻው አይተየብም፤ ስለዚህ ወደፊት ሠናይትን የሚፈልግ ሰው እኔን ከእሷ ጋር አያገኘኝም። ሌላውን የከለከልኩትን ለራሴ አልፈቅድም። በእግሬ ሄጄ ላስተካክለው ስችል ያልሄድኩበትን ነገር ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ በጣቴ አላስተካክለውም።

እሑድ ሠናይት ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ፍርድ ቤት ሄደሽ ስምሽን አስቀይሪ እያልኩ ስነዘንዛት የኖርኩትንም እንደተውኩ አሳወቅኋት። «አባዬ፣ እኔ እኮ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠፍቶኝ አያውቅም» ብላ ሾርባዬን አቀረበችልኝ፤ እስክጨርስም ልክ እንዳንቺ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

ከመዝገብሽ ገና ብዙ ገጽ ይቀራል። ዕድሜ ከሰጠኝ አንድም ሳልዘል እጨርሰዋለሁ፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያን ዘመንሽን፣ ጣትሽ ላይ ያለውን ቀለም፣ ቢሮ ዘግተሽ የምትመጪበትን ሰዓት አስታውሳለሁ። ሌላ ቃል ኪዳን አልገባልሽም።

በድለሽኛል ማለቴ ግን ይህ የመጨረሻዬ ነው። ለሠናይት ቢሆን፣ ለሰው ቢሆን፣ መቃብርሽ አጠገብ ብቻዬን ብቆምም፣ ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም።

ወልዴ