የቢሆነኝን ፊት አጥርቶ ስለማየት

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የሥርጭት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ በስክሪኑ ጥግ እንዳለው የጣቢያዎ አርማ ዘወትር የጠራና ከቦታው የማይነቃነቅ እንዲሆን ከላሊበላ እመኛለሁ። ምስሉ ደበዘዘብን ብዬ ለላክሁት አቤቱታ «ጉድለቱ ከተቀባዩ ነው፤ መሣሪያዎን ያሻሽሉ» የሚል ባለማኅተም መልስ በአራት ወር ብቻ ስላደረሱኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ እህቴ የሻረግ የወለደችው ዲያቆን ቢሆነኝ አምና በገና ጠዋት ከካህናቱ ጋር የቤተ ማርያምን ቅጥር በከበበው ከፍታ፣ ማሜ ጋራ ላይ ቆሞ ቤዛ ኵሉ ሲዘምር ጣቢያዎ በቀጥታ አስተላለፈ፤ እኔም በቤቴ ኮምፒውተር ቀዳሁት። እናቱ ከታች በሕዝቡ መካከል ተጨናንቃ አላየችውም። በግንቦት ከጋሸና ሲመለስ መኪና ተገልብጦ ሞተ። ፎቶግራፉ አለን፤ የሚንቀሳቀሰው ቢሆነኝ ግን በዚያ ቅጂ ውስጥ ያለው አርባ ሰከንድ ብቻ ነው።

ምክርዎን እንደሚከተለው ፈጽሜአለሁ።

፩. ገመዱን ለወጥሁ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼም ዲሹን አስተካከልሁ። ጎረቤቶቼ «ጋሼ ቢተው በስተርጅና ማሜ ጋራ ወጡ» ብለው ሳቁብኝ። የሚመጣው ሥርጭት ሁሉ ጠርቷል፤ ያለፈው ግን እንዳለ ነው።

፪. ከወልድያ አዲስ መቅጃ ካርድ አስመጥቼ ከፍተኛው ጥራት ላይ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ የሳሙና ማስታወቂያዎችዎ የአረፋው ብልጭታ ሳይቀር ኮምፒውተሬ ውስጥ በክብር ተቀምጠዋል።

፫. በቢሆነኝ አገጭ ላይ የድርጅቶች «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ ሲያልፍ ይታያል። ይህንንም የጻፈው የእኔ መሣሪያ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬. ይህኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ያን ዕለት ዲስኬ ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። ጥራቱን ከፍ ባደርግ ቅጂው መሃል ላይ ይቆማል፤ ማሕሌት ደግሞ ከመካከል አይቆረጥም ብዬ ከዋዜማው እስከ ማለዳው ሁሉንም እንዲይዝልኝ በዝቅተኛው ጥራት ቀዳሁት። አሁን ማሕሌቱ ሙሉ ነው፤ የልጁ ፊት ግን አራት ማዕዘን ጠጠር ሆኗል። ሳጎላው ጠጠሩ ይጎላል። የሻረግ ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውልና «ወንድምዓለም፣ አፉን ብቻ ለይልኝ፣ የቱ ነው?» ትለኛለች። በጣቴ አሳያታለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም።

ስለዚህ ከዋናው ቅጂ አርባ ሰከንድ እንዲሰጡን እለምናለሁ። በመልስዎ ግርጌ «ዋናው ቅጂ በቦታ ጥበት ምክንያት ተሰርዟል» ማለትዎን አንብቤያለሁ፤ የቦታ ጥበትን ከእኔ በላይ የሚረዳልዎ የለም።

ምክርዎን እስከ ጣሪያ ድረስ የተከተልሁት ታዛዥ ተመልካችዎ፣
ቢተው አረጋ
የሟች አጎት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ለመጪው በዓል ባሳያችሁት ማስታወቂያ ውስጥ ያ የተሰረዘው ጠዋት ለሦስት ሰከንድ ታየ። ጥራቱ ግሩም ነበር፤ የመቋሚያው ጫፍ ሳይቀር ይለያል። ካሜራው በካህናቱ ፊት እያለፈ መጥቶ ቢሆነኝ ጋ ለመድረስ ሁለት ሰው ሲቀረው ቆረጣችሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሻረግ ከማስታወቂያችሁ አንዱም አያመልጣትም፤ እንዲህ ያለ ታማኝ ተመልካች ስላገኛችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።